ከደረት የተወሰደ መጣፊያ

ልብስ ሰፊውን በሰፈሩ «ኮሌታ» ይሉታል። የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ ሳይቆልፍ ደጅ ወጥቶ አያውቅም፤ ሰው ሁሉ በሙቀት ሲቀልጥ እሱ አንገቱን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ ጨርቁን ይቆርጣል። ሚስቱ ያገባችው ይህንን ሰው ነው።

ካንሰሩ ምላሱ ላይ ወጣ። ሐኪሞቹ መንጋጋውን ቆርጠው፣ የምላሱን እኩሌታ አወጡ፤ ከዚያ በኋላ የተሰጠው ጨረር ቆዳውን አጠወለገውና ቁስሉ አልገጥም አለ። ከአገጩ ሥር ተበሳ። ምራቁ በአንገቱ ይፈስሳል፤ ንግግሩም ከእሷ በቀር ለማንም አይገባም።

ዶክተሩ የደረቱን ጡንቻ ከነቆዳው አነሳ፤ የደም ሥሩን ሳይቆርጥ በአንገቱ ቆዳ ሥር አሳልፎ ቀዳዳውን ደፈነለት።

«የሙያ ባልደረባዬ ነው» አለ ኮሌታ በዚያ በተኮላተፈ አፉ። «ከማይታየው ወስዶ የሚታየውን ይጥፋል።»

ሚስትየው ለነርሷ እየሳቀች ተረጎመችላት። ነርሷ አልሳቀችም።

«እናቴ፣ ይሄ አንገታቸው ላይ ያበጠው ደም የሚያልፍበት ነው። ፋሻም ሻርፕም እንዳይጫነው። የማይሰማ አስታማሚ እኔ ክፍል አያድርም፤ ትናንት አንዷን አስወጥቻለሁ።»

«እሺ» አለች ከልቧ። ሸሚዝን ግን ማን ከማሰሪያ ቆጠረው?

እሑድ ደንበኞቹ ሊጠይቁት መጡ። እንዲያ ተጥፎና አባብጦ እንዲያዩት አንጀቷ አልቻለም። በገዛ እጁ የሰፋውን ነጭ ሸሚዝ አለበሰችው። የላይኛው ቁልፍ እምቢ ሲላት ጎተት አድርጋ አስገባችው፤ እሱም አልተቃወመም። ጠያቂዎቹ ከሄዱ በኋላም አላወለቀችለትም። ከታመመ ወዲህ ገና ዛሬ ራሱን መስሎላት፣ ዓይኗን ከእሱ መንቀል አቅቷት ነበር። እንደለበሰ እንቅልፍ ወሰደው።

በማግስቱ ዶክተሩ ሲመጣ መጣፊያው ጠቁሯል። በመርፌ ወጋ አደረገው፤ ደም የለም።

«ሞቷል» አለ። «ማነው ይሄን ኮሌታ የቆለፈው?»

ነርሷ ወደ ሚስትየው ዞረች። ሚስትየው አፏን ሳትከፍት ኮሌታ እጁን አንስቶ የራሱን ደረት መታ መታ አደረገ።

«ምን ነካዎት አባቴ?» ዶክተሩ ተቆጣ። «የቀረን በዚያኛው በኩል ያለው ጡንቻ ብቻ ነው። እሱም ካልያዘ ምራቁ ትልቁን የደም ሥር ይበላዋል። ያኔ ማንም አይደርስልዎትም።»

እሷ ዝም አለች። ፈርታ ነው፤ ሌላ ስም አይሰጠውም።

ወደ ቀዶ ጥገና ሲወስዱት የአልጋውን ብረት ይዛ ተከተለች። በሩ ጋ ሲደርሱ ጎንበስ አለች።

«ለምን እኔ ነኝ አልክ?»

«አንቺን ካስወጡሽ የምናገረው ለማን ይገባል?» አላት።

«ምን አሉ?» አለ አልጋውን የሚገፋው ሠራተኛ።

«የቆለፍኩት እኔ ነኝ» አለችው።

ሠራተኛው ምንም አልገባውም። አልጋውን እየገፋ ገባ።