አባዬ ኢንግሪድ ቤት የሸመነው ነጠላ

እንጨት ከእንጨት ሲጋጭ በሰማሁ ቁጥር ሚኒሶታ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ የነበረው የኢንግሪድ ምድር ቤት ትዝ ይለኛል።

ኢንግሪድ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ የስዊድን ዘር ያላቸው አሮጊት ጎረቤታችን ነበሩ። በበረዶው ወራት አባዬ የእኛን ደጅ ጠርጎ ሲጨርስ የእሳቸውንም ይጠርግ ነበር፤ የስምንት ዓመት ልጅ የነበርኩት እኔም ከአካፋ ይልቅ አፌን እያሠራሁ እከተለው ነበር። አንድ ቅዳሜ ከምድር ቤታቸው «ጧ፣ ጧ» የሚል ድምፅ ሲሰማ አባዬ አካፋውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ኢንግሪድ በመስኮት አይተው ጠርተው ሲያስገቡን፣ ከአሮጌ ጨርቅ ምንጣፍ የሚሠሩበት የሽመና እቃ ላይ ድሩ ተበጥሶባቸው፣ ጣታቸው እየተንቀጠቀጠ መቀጠል አቅቷቸው ነበር። አባዬ ጓንቱን አውልቆ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ክሮቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ እያሸ ቀጠለላቸው።

ቤት ስንገባ እማዬ ነገረችኝ። አባዬ አዲስ አበባ ሳለ እንደ አባቱ ሸማኔ ነበር፤ በልጅነቱ ሸማኔ በሚሰደብበት ስም «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ተሰድቦ፣ የእሷም ዘመዶች በዚሁ ሰበብ ከሠርጋቸው ቀርተው፣ ሚኒሶታ ሲመጡ «ነጋዴ ነበርኩ» እንዲል ተስማሙ። «ቤተክርስቲያን ለማንም እንዳትናገሪ፣ እሺ?» አለችኝ። እሺ አልኩ፤ ግን እኔ ዘንድ ምስጢር ውሃ በወንፊት ነበር።

በረዶው ሲቀልጥ አባዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ኢንግሪድ ቤት መዋል አዘወተረ። እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ መሥራት የለመደ ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ተሰቅሎ፣ መርገጫውን እየሳተ በአማርኛ ሲራገም ኢንግሪድ ሳይገባቸው ይስቁ ነበር። ለእማዬ ነጠላ ሲሠራ ጥለቱን የመረጡለት እሳቸው ናቸው፤ እናታቸው ምንጣፍ ላይ ይሠሩት የነበረ ሰማያዊ ኮከብ።

የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሴቶቹ አዳራሽ ውስጥ ነጠላውን የለበሰችውን እማዬን ከበቡ።

«ጥለቱ እንዴት ያምራል! ከአዲስ አበባ ነው?»

«አዎ፣ እህቴ ልካልኝ ነው።»

«ኖ፣ እማዬ! አባዬ ነው ሜክ ያደረገው! ኢንግሪድ ቤት!» አልኩ።

ከከበቧት አንዳንዶቹ ፊታቸውን አዞሩ። አንዷ የነጠላውን ጫፍ ከእጇ ለቀቀችው። ላለቅስ ደርሼ አባዬን ሳየው፣ ሰሃኑን አስቀምጦ፣ አዳራሹን በዓይኑ ቃኝቶ፣ «እውነቷን ነው። ሸማኔ ነኝ» አለ። እንደዚያን ቀን ወድጄው አላውቅም። ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት እማማ ዘውዴ ጥለቱን ዳሰስ አድርገው፣ «እጅህ ይባረክ ልጄ፤ ለእኔም በዚሁ ኮከብ ሥራልኝ» አሉት። ያቺ ጫፉን የለቀቀችው ሴት ግን ቤታችን ለመምጣት ሁለት ዓመት ፈጀባት፤ ስትመጣም ነጠላ ልታዝ ነበር።

በበጋው እማማ ዘውዴ ነጠላቸውን ሊያዩ እየመጡ ከኢንግሪድ ጋር፣ አንድ ቃል ሳይግባቡ፣ በረንዳ ላይ ለምንጣፍ የሚሆን አሮጌ ጨርቅ ሲቀድዱ ይውሉ ነበር።

ዛሬ ሁለቱም አርፈዋል። የኢንግሪድ የሽመና እቃ ሪችፊልድ ከተማ ባለው የእኔ ጋራዥ ውስጥ ቆሞ፣ አባዬ አርጅቶም ቀስ እያለ ይሠራበታል። በቅርቡ ልጄ ትምህርት ቤት በክፍሏ ተማሪዎች ፊት ቆማ ስለ ቤተሰቧ ስትናገር አባዬና እኔ ከኋላ ተቀምጠን ነበር። «ማይ ግራንድፓ ኢዝ ኤ ዊቨር»፣ አያቴ ሸማኔ ነው፣ አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ። አባዬ እንደዚያ እንደ አዳራሹ ቀን ክፍሉን በዓይኑ ቃኘ፤ ፊቱን ያዞረ ሰው ፈለገ፤ አላገኘም።