አባ ሰንጋ ካባውን የተገፈፈ ዕለት

ልጅ ሳለሁ አባ ሰንጋ ካህን ይመስለኝ ነበር። በመንደራችን «አባ» የሚባል ሁሉ መስቀል የያዘ ነውና፣ «አባ ሰንጋ ገብቶ የእገሌን ላም ገደለ» ሲባል ስሰማ፣ በሽታ መሆኑን ማን ነገረኝ? አንድ ቀን የነፍስ አባታችን ሲመጡ ጥጃችንን እየጎተትሁ ጓዳ ሸሽጌያለሁ።

ያኔ የምንኖረው ከቢቸና ወጣ ባለ መንደር ነበር፤ ዛሬም እዚያው ነኝ። አያ ሰይድ የሚባሉ የሞጣ ቆዳ ነጋዴ ለቢቸና ገበያ በመጡ ቁጥር እኛ ቤት ያድሩ ነበር። አባቴ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር፤ እኔም በእሱ ወጣሁ። አያ ሰይድ ግን ተረት ከጀመሩ ፍሙ አመድ እስኪለብስ አያቆሙም።

አንድ ምሽት በሬያችን ቦራ ከእርሻ ሲመለስ ተንቀጠቀጠና በረቱ ደጃፍ ወደቀ። ያሉን በሬዎች ሁለት ብቻ ነበሩ። ጎረቤታችን ታከለ ቢላውን እየሳለ መጣ።

«ምን ትጠብቃለህ? ሳይበከት ይታረድ እንጂ!» አለው አባቴን።

ሳይታረድ የሞተ በክት ነው፤ አይበላም። ነፍሱ ሳትወጣ ከታረደ ግን ሥጋው ለጎረቤት ይከፋፈላል፣ ከጉዳቱም ጥቂት ይተርፋል። አባቴም ለማረድ ተነሣ።

አያ ሰይድ በሬውን ዞር ብለው አዩት። «ይህ አባ ሰንጋ ነው፤ ቢላ አታስነኩት» አሉ።

«አያ ሰይድ፣ እኛ የባረክነውን እርስዎ አይበሉ! ምን ቸገረዎት?» አለ ታከለ እየሳቀ።

«ቆዳውን የምገዛው እኔ ነኛ! ይልቅ ተቀመጥና ተረት ልንገርህ። በሬው የትም አይሄድ።»

ተረት እምቢ የሚል የለም። ምድጃውን ከበን ተቀመጥን፤ ኩራዙ ይጨሳል፣ ቢላው በታከለ ጭን ላይ ያብለጨልጫል። አያ ሰይድ ከአንድ የከብት ሐኪም የሰሙትን በራሳቸው አፍ አሳምረው ያወሩ ጀመር።

አባ ሰንጋ በዐይን የማይታይ ትንሽ ፍጥረት ነው። ከሣሩ ጋር ሆድ ይገባል። በደም ውስጥ ሌባ የሚውጡ ዘበኞች አሉ፤ እሱ ግን የሚያዳልጥ ካባ ስለሚደርብ አይዙትም። ከዚያ ሦስት አሽከሮቹን ይልካል። አንዱ ደጅ ከፋች ነው። ሁለተኛው በተከፈተው ገብቶ ቤቱን በውኃ ያጥለቀልቃል፤ እብጠቱ የእሱ ሥራ ነው። ሦስተኛው ገዳይ ነው። ደጅ ከፋቹ ባይኖር ግን ሁለቱም መርዛቸውን እንደያዙ ውጭ በቀሩ ነበር።

«ደሙን ካፈሰስኸውስ» አሉ፣ «አባ ሰንጋ ነፋስ ሲያገኘው ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ አፈር ውስጥ ይተኛል፤ የልጅ ልጅህ ከብት ሲግጥበት ይነሣል። ባረደው እጅ ላይ ጥቁር ቁስል ያወጣል፤ የበላውን ሆዱን ይዞ ይገድለዋል።»

«እሺ፣ ይጨርሱ!» አለ ታከለ።

«የካባውን ቀለም መቼ ነገርሁህ?»

የካባውን ቀለም፣ የደጅ ከፋቹን ጢም፣ የገዳዩን ጫማ ሳይቀር ተረኩ። ከውጭ አንድ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ፤ ከዚያ ዝም አለ።

«ተረቴ አለቀ» አሉ አያ ሰይድ።

ታከለ ወጥቶ አይቶ ተመለሰ። ቦራ በክቷል። «አሞኙኝ!» አለ። «እሺ፣ ቆዳውስ?»

«በነጻ ብትሰጡኝም አልነካው።»

አባቴ በሬው ሞቶበት ሳለ ከት ብሎ ሳቀ። በማግስቱ ቦራን ሳይበልቱ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ቀበሩት። ታከለም የተናደደ መስሎ ቆየና የራሱን አንድ በሬ አምጥቶ ከእኛው ጋር አቀናጀ፤ እርሻችን ጦም አላደረም።

እኔ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። «አባ ሰንጋ በመጨረሻ እንዴት ሞተ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ አያ ሰይድ «እሱ ይተኛል እንጂ መቼ ይሞታል?» አሉኝ። መጨረሻ የሌለው ተረት እንዴት ያናድዳል!

ዘንድሮ በሬዎቼን ለማስከተብ ስነዳ ለከታቢው ልጅ የአያ ሰይድን ተረት በአጭሩ ነግሬ መርፌው ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። «ራሱ አባ ሰንጋ ነው» አለኝ፤ «ካባውን የተገፈፈ። ዘበኞቹ ከአሁኑ ለይተውት፣ እውነተኛው ሲመጣ ደጅ ከፋቹን ሳይከፍት እንዲያስቀሩት ነው።»

ያን ዕለት ማታ ልጆቼን ሰብስቤ ተረቱን ከነመጨረሻው ነገርኋቸው። «አባዬ ዛሬ ምን ነካው?» ተባባሉ። ቃል መቆጠብን ከአባቴ ወረስሁ፤ ቢላ ሲሳል ተረት ማስረዘምን ግን ከአያ ሰይድ ነው።

አንድ ችግር ብቻ አመጣሁ፤ አሁን የነፍስ አባታችን በመጡ ቁጥር የትንሿ ልጄ ዐይን ካባቸው ላይ ነው።