በስሜ የዘለለው ሰው

ስሜን ሰርቀውኛል። አሠልጣኛችን ፊደል እንዳልቆጠርኩ ስለሚያውቅ ማንበብ የማልችለው ወረቀት ላይ አስፈርሞ ፓስፖርቴን ወሰደ። ለዓለም አቀፉ ውድድር በውሃ ዝላይ የተመዘገብኩት እኔ ማቲዎስ ነኝ፤ በስሜ የሄደው ግን የአሠልጣኙ የወንድም ልጅ ብሩክ ነው። ከብሩክ ጋር ካምፕ ውስጥ አንድ ክፍል ነበርን፤ የሆዴን ሁሉ አጫውቼዋለሁ።

የሐዋሳ ጎረቤቶቼ ደግሞ ሙክት አርደው ሸኝተውኛል። ቀረሁ ብዬ በየትኛው ፊቴ ልመለስ? ቡድኑ በአውሮፕላን ሲሄድ እኔ በጋምቤላ በኩል ጁባ ገባሁ።

የወንዙ ወደብ ላይ ጆንያ አወርዳለሁ። እዚህ ሙቀቱ ከሰማይ ሳይሆን ከመሬት ነው የሚወጣ የሚመስለው። ኪስራ የሚሉትን ስስ ቂጣቸውን ሳየው እንጀራ መስሎኝ ነበር፤ አፍ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ነጭ ዓባይ ዳር ውዬ እገባለሁ፤ አንድም ቀን አልዋኘሁበትም።

ውድድሩን በቴሌቪዥን ያየሁት ኒምራ ታላታ በሚባለው ሰፈር፣ ሻይ የምጠጣበት የሐጂ ከድር ሱቅ ነው። ስሜ ተጠራ። ሰውየው ጫፍ ላይ ወጥቶ ጀርባውን ሰጠን፤ እኔ ከመዝለሌ በፊት እንደማደርገው ግራ ትከሻውን ሁለቴ ነካ። ዘለለ። ውሃው ሲዘጋበት ትንፋሽ ያጠረው እኔን ነው።

“ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ይሄ አንተ አይደለህም እንዴ?” አለ ሐጂ እየሳቀ። “ታዲያ ሻዬን የሚጠጣው ማነው?”

ብሩክ ከውድድሩ በኋላ እዚያው አውሮፓ ቀረ። እኔም አፍሬ አራት ዓመት ቤት ሳልደውል ኖርኩ። ቤተ ክርስቲያን ፊደል ቆጠርኩ፤ ማንበብ ስችል አገሬ የምገባበትን ወረቀት ልጠይቅ ጁባ ያለው ኤምባሲያችን ሄድኩ።

“በቦሌ ወጥተህ አልተመለስክም” አለኝ ጸሐፊው፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ።

“ይኸው ፊትህ ተቀምጫለሁ!”

“ወንድሜ፣ ሲስተሙ አውሮፓ ነህ ይላል።”

“እንግዲያው ብርዱ ለምን አይሰማኝም?”

“አትቀልድ። የሚመሰክርልህ ዘመድ አለህ?”

እናቴ ጋ ደወልን። ጸሐፊው እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

“እማዬ፣ ማቲዎስ ነኝ።”

“የቱ ማቲዎስ?”

“ልጅሽ ነኛ!”

“ልጄ እሁድ እሁድ ይደውልልኛል። ትናንትም ደውሏል።”

ብሩክ መሆኑ ገባኝ፤ ስልኩን ወደ አፌ አስጠጋሁ።

“እማዬ፣ የጉልበቴ ጠባሳ … ሐይቁ ዳር ድንጋይ ቆርጦኝ፣ ነጠላሽን ቀደሽ ያሰርሽልኝ …”

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ ስታዞረው ሰማሁ።

“እሱም ይሄንኑ አውርቶልኛል” አለች ቀስ ብላ። “ልጄ ከሆንክስ፣ አራት ዓመት ሙሉ የት ነበርክ?”

መልሴን ሳትጠብቅ ዘጋችው።

ጸሐፊው ጉሮሮውን ጠረገ። “በሌላ ስም አዲስ ማመልከቻ ጻፍ” አለኝ። በማቲዎስ ፋንታ የአያቴን ስም ጻፍኩ። ማኅተም ያረፈበት የካቲት አሥራ አንድ ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማቲዎስ የሚባለው አውሮፓ ያለው ሰው ነው።