ረጅሙ ቀይ ሽቦ

ሞጣ ገበያ አንድ ነጋዴ ቀይ ሽቦ ከጥቅልሉ እየተረተረ በክንዱ ሲለካ አየሁና ባለሁበት ቆምኩ። ቢቸና ያደግኩበት ግቢ ትዝ አለኝ።

አባቴ ከሐረርጌ ተመድቦ የመጣ ነርስ ነበር። በከተማው በኦሮምኛ የሚያወራው ሰው አልነበረውም። ከሥራ ሲመለስ በትንሿ ሬዲዮ የአገሩን ቋንቋ ይፈልጋል፤ የሚሰማው ግን ፉጨት ብቻ ነው።

አንድ ቅዳሜ አንቴና ልንገዛ ወጣን። የያዘው ብር የሚበቃው ለአንዱ ነው፤ ወይ ለሚያብረቀርቀው አጭር ዘንግ፣ ወይ ለረጅሙ ቀጭን ሽቦ። ዘንጉን ሲያነሳ እጁን ያዝኩት።

«አባዬ፣ ሽቦው ይሻላል፤ ባሕር ዛፉ ጫፍ ይደርሳል!»

ሳቀና ሽቦውን ገዛ።

ዛፉ ላይ የወጣሁት እኔው ነኝ። አባቴ የታችኛውን ጫፍ በሬዲዮው በራሱ አጭር አንቴና ላይ ጠመጠመው። አሁንም ፉጨት ብቻ! ጎረቤታችን የቅኔ መምህሩ የኔታ በአጥሩ በኩል ያዩን ነበር።

«ልጄ፣ ሰሙን ላጠው እንጂ! ወርቁ ያለው ከውስጥ ነው» አሉት።

አባቴ ቀዩን ልባስ በጥርሱ ልጦ መዳቡን አሰረው። ወዲያው የአንዲት ሴት ድምፅ ጥርት ብሎ ግቢውን ሞላው፤ በኦሮምኛ! አባቴ ብድግ ብሎ፣ እየሳቀም እያለቀሰም፣ ይመልስላት ጀመር። እናቴ እልል አለች። እኔ ምን ሆነሃል ልለው ስጠጋ የኔታ ከለከሉኝ።

«ተዪው ይናገር። አገሩ ገብቷል።»

ምን ብሎ እንደመለሰላት እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ ግን «ሽቦውን የመረጥኩት እኔ ነኝ!» እያልኩ ግቢውን ስዞር ዋልኩ።