ቁልቋል የበሉት አጎቴ

ለቅሶ ቤት ሁሉም የአጎቴን ደግነት ሲያወራ ሰነበተ። እኔ የማስታውሰው ግን ምሳቸውን ነው።

የስኳር በሽታ ነበረባቸው፤ ከለስላሳ ያላቀቃቸው ግን ሐኪም አይደለም። በስደት በምንኖርባት በቱክዊላ ከተማ፣ ሱቄ ደጃፍ ላይ፣ ታኮ የሚባለውን የአገሯን ጥቅል ቂጣ ከምግብ መኪና ላይ የምትሸጥ ሜክሲኳዊት አለች። እናቷ በስኳር የተነሳ እግራቸውን አጥተዋል። አጎቴ ለምሳ በመጡ ቁጥር ለስላሳውን ከእጃቸው ትቀማና የተጠበሰ ቁልቋል በቂጣ ጠቅልላ ትሰጣቸዋለች።

«ኖ ሶዳ፣ ፓፓ!»

«እኛ አገር እኮ ይሄ አጥር ነው!» ይሏታል በአማርኛ። ከዚያ ቁጭ ብለው ይበሉታል።

«ጋሼ፣ ዛሬስ ምን በሉ?» ስላቸው፣ «አጥሩን። ነገ ደግሞ በሩን ታበላኛለች» ይሉኛል። አንድም ቀን ቀርተው አያውቁም።

ባለፈው ሳምንት ልባቸው በድንገት ቆመ። ከቀብሩ ማግስት ሱቄን አርፍጄ ልከፍት ስመጣ ሴትየዋ የሳቸውን ምሳ በመስኮቷ አውጥታ፣ «ፓፓ?» አለችኝ። ጥቁር ልብሴን አየችው።

ሰው ተሰልፏል፤ የምሳ ሰዓት ነው። ምድጃዋን አጠፋች፣ መስኮቷን ዘጋች፣ ወርዳም አጠገቤ ቆመች። ነጋዴ ነኝ፤ በምሳ ሰዓት መስኮት መዝጋት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።