ኢጆ ፊት ለፊት የማትጠይቀው ጥያቄ

በሞሮኮ በአጋዲር ወደብ አጠገብ ባለው ጤና ጣቢያ የምትሠራው ነርስ ኢጆ ጠረጴዛዋን ወደ ጥግ ገፍታ መሬት ላይ ምንጣፍ አንጥፋለች። የአካባቢው ሴቶች ዘይት የሚጨመቅበትን የአርጋን ፍሬ በድንጋይ ሲሰብሩ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ከድንጋዩ ሳያነሱ የልባቸውን ሁሉ ያወራሉ። ሐኪሙ ስለ አባላዘር በሽታ ፊት ለፊት ሲጠይቃቸው ግን «ባለትዳር ነኝ» ብለው ወሬውን ይዘጉታል። ስለዚህ ኢጆ ፍሬውንም ድንጋዩንም ከቤቷ ታመጣለች።

አንድ ዓርብ ራቅያ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። የስድስት ወር እርጉዝ ናት። ባሏ ብራሂም ሩቅ ደቡብ፣ ዳኽላ ወደብ ዓሣ ሲያጠምድ አራት ወር ቆይቶ በማግስቱ ሊመለስ ነው።

«ላላ ኢጆ፣» አለቻት እንደ እመቤት አክብራ፤ «ወንድ ልጅ አራት ወር ብቻውን...» አለችና አንድ ፍሬ ሰበረች። «ኤችአይቪ ይዞ ቢመጣስ? ለልጄ ፈራሁ።»

«እስኪመረመር ታገሱ፤ ካልሆነም በኮንዶም።»

«አንቺ ደግሞ! ኮንዶም ያልኩት ቀን ‹ከማን ተማርሽ?› ይለኛል።»

ኢጆ ሳቀች። «ከነርሷ በይው። እርጉዝ ከነባሏ ትመረመራለች ብያለሁ። መርገም ካማረው እኔን ይርገም፤ ለምጄዋለሁ።»

ራቅያ እዚያው ተመርምራ ነጻ ሆነች፤ አልሐምዱሊላህ። የቀረው ብራሂም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ከሚስቱ ኋላ እያጉረመረመ ገባ።

«ሁለት ሌሊት አስታግሳችሁኝ ደግሞ፣ ያረገዘችው እሷ፣ የምወጋው እኔ?»

«አባትነት እንዲሁ በነጻ መሰለህ?» አለችው ኢጆ። «በቅርቡ የተያዘ ቶሎ አይታይበትምና ከሦስት ወር በኋላም ትደግማለህ፤ እስከዚያው በኮንዶም።»

ብራሂም ሳቁን መያዝ አቃተው። እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ሰጣት።