የሐሙስ ጠረጴዛ

የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዋን የፍርድ ቤቱ ሰው ሁሉ «ቶሎ ቶሎ» ይላታል። ስሙን ያወጡላት ዳኛው ናቸው። «ቶሎ ቶሎ መጣች! ወንበር አምጡላት፤ መቼም አትቀመጥም» እያሉ ይስቁባታል። እሷም አብራ ትስቃለች። የማያስቃት ኮሪደሩ ነው። በእናቷ ጀርባ ታዝላ የመጣች ሕፃን፣ ጉዳዩ ሳይቋጭ በገዛ እግሯ ስትሮጥበት አይታለች። ቀጠሮ ቀጠሮ እየወለደ፣ ልጅ በቀጠሮ መካከል ሲያድግ ማየት እንዴት ያለ ነገር ነው!

ዳኛው የእሷን ሪፖርት ይጠብቃሉ፤ እሷ የሥነ ልቦና ባለሙያውን፣ እሱ ደግሞ ጠበቆቹን። ስለዚህ ደጅ ጠንታ፣ ተለማምጣ፣ ሁሉንም ሐሙስ ጠዋት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠቻቸው። የመጀመሪያው ደንባቸው ልጅን በጥያቄ አለማሰልቸት ነበር፦ አንድ ሰው ብቻ ያናግር፣ ሌላው ከእሱ ይስማ።

ያን ሰሞን የተፋቱ ባልና ሚስት መጡ። ጥያቄው የሰባት ዓመት ልጃቸው ከማን ጋር ትኑር የሚል ነበር። የአባትየው ቤት ሰፊ ነው፤ ለትምህርት ቤትም ይቀርባል። ጠበቆቹ ተግባቡ፤ እናትየውም ደክሟት እሺ አለች። ዓመት ይፈጅ የነበረው ጉዳይ በጥቂት ሐሙሶች አለቀና ዳኛው ልጅቷ ከአባቷ ጋር እንድትኖር ወሰኑ። ባለሙያዎቹ ተጨባበጡ።

ከችሎት ሲወጡ ቶሎ ቶሎ የሥነ ልቦና ባለሙያውን፣ «ለመሆኑ ልጅቷ ምን አለችህ?» አለችው።

«እኔን?» ቀጥ ብሎ ቆመ። «አንቺ አይደለሽ እንዴ ያናገርሻት?»

«ወንድሜ፣ አትቀልድ።»

«ኧረ ልጆቼን! ሪፖርትሽን ሳይ አናግራታለች አልኩ።»

«እኔ የጻፍኩት ስለ ቤቱ ነው እኮ!»

ሁሉም ልጅቷን ላለማስጨነቅ ለሌላው ትተዋት ነበር። ቶሎ ቶሎ እየሮጠች ዳኛው ቢሮ ገባች።

ዳኛው ካባቸውን እያወለቁ ሰሟት። አልሳቁም። «ልጄ፣ ውሳኔው ከእጄ ወጥቷል። እናትየው ይግባኝ ማለት ትችላለች።»

«ይግባኙስ ቶሎ ይታያል?»

«ላይኛው ፍርድ ቤት የሐሙስ ጠረጴዛ የለውም።»

ልጅቷ ኮሪደሩ ወንበር ላይ እግሯን እያወዛወዘች ተቀምጣለች። ቶሎ ቶሎ ፊት ለፊቷ ተንበረከከች።

«የኔ ቆንጆ፣ ከማን ጋር መኖር ነበር የፈለግሽው?»

«ስትጠይቁኝ የምላችሁን ይዤ ነበር እኮ» አለች ልጅቷ።

«አሁን ንገሪኝ።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየች። አባቷ ቦርሳዋን አንግቶ፣ በሩ ላይ ፈገግ ብሎ ይጠብቃታል።

«አሁንማ ይሰማል» አለች በሹክሹክታ። ከወንበሩ ወረደችና ወደ እሱ ሄደች።